ቀዶ ሕክምና በሚጠብቁ ትራንስጀንደር ሰዎች መካከል የሚታየው የአእምሮ ጤና ልዩነት ከምን ይመጣል?

ጠያቂ፦ የአእምሮ ጤና የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። በጅማ የአእምሮ ጤና የድኅረ ምረቃ ትምህርት እየተከታተልሁ ነው። በሚመጣው ወር ለማቀርበው ሴሚናር የመረጥሁት ርእስ፣ አካላቸውን ከፆታ ማንነታቸው ጋር የሚያስማማ ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ወረፋ በሚጠብቁ ትራንስጀንደር ሰዎች (የፆታ ማንነታቸው ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ፆታ የተለየ ሰዎች) መካከል ስለሚታየው የአእምሮ ጤና ልዩነት ነው። ወደዚህ ርእስ የገፋፋኝ በክፍል ውስጥ በፍጥነት የታለፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ የፆታ አለመጣጣምን፣ ማለትም ይህንኑ የማንነትና የተመዘገበ ፆታ አለመስማማት፣ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከወሲባዊ ጤና ጋር ወደተያያዙ ሁኔታዎች ምዕራፍ እንዳዛወረው ተነገረንና ወደ ሌላ ርእስ አለፍን። ጉዳዩ ራሱ የአእምሮ ሕመም ካልሆነ በእነዚህ ሰዎች ላይ ድብርትና ጭንቀት ለምን በዝቶ ይገኛል የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከውስጤ አልወጣም።

ማንበብ ስጀምር ጭራሽ ግራ ተጋባሁ። አንዱ ጽሑፍ ቀዶ ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች ፈልገው ካላገኙት የተሻለ የአእምሮ ጤና እንዳላቸው ያሳያል፤ ሌላው ቀዶ ሕክምናውን ካገኙም በኋላ ራስን የማጥፋት ሙከራ ከጠቅላላው ሕዝብ ይልቅ እንደሚበዛባቸው ይናገራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ትልቁ መሻሻል የሚታየው ቀዶ ሕክምናው ገና ሳይደረግ ነው ይላል። ትራንስ ሴቶችን (ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ ሴቶችን) እና ትራንስ ወንዶችን (ሲወለዱ ሴት ተብለው የተመዘገቡ ወንዶችን) የሚያነጻጽሩት ጽሑፎችም ወደ አንድ መደምደሚያ አይመሩም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ፣ መጠበቁ ራሱ ሰውን ይጎዳል ወይስ ጉዳቱ ከወረፋው በፊት የነበረ ነው? በአንድ ወረፋ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች በአእምሮ ጤናቸው እንዲህ የሚራራቁትስ ለምንድን ነው? ቃላቱንም በአማርኛ እንዴት ብዬ ባቀርባቸው ሰውን ሳልጎዳ ትርጉሙን እንደምጠብቅ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፦ የባዮስታቲስቲክስ መምህር

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሦስቱ ጽሑፎች የሚጋጩ የመሰሉዎት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለሚመልሱ ነው። የጅማ ነጋዴ ጀንፈልንና የተፈለፈለ ቡናን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ዋጋ እንደማያወዳድር ሁሉ፣ እርስዎም ከቁጥሩ በፊት «ከማን ጋር ተነጻጸረ?» ብለው ይጠይቁ።

ራስን የማጥፋት ሙከራ ስለመብዛቱ የሚናገረው፣ እንደምገምተው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የስዊድን ጥናት ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 324 ሰዎችን ከጠቅላላው ሕዝብ ከተወሰዱ የዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጸረ። ሕክምናውን ፈልገው ካላገኙት ወይም ወረፋ ላይ ካሉት ጋር ግን አላነጻጸረም። ስለዚህ ከእርሱ የምንወስደው ቁም ነገር፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከዚያም በኋላ የአእምሮ ጤና ክትትል ሊደረግለት ይገባል የሚለውን ነው። ቀዶ ሕክምናው ጠቀመ ወይም ጎዳ ለሚለው ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ጥናቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ መልስ ማስመሰል ይሆናል፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህን አስጠንቅቀዋል።

ቀዶ ሕክምናውን ያገኙትን ካላገኙት ጋር የሚያነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2021 በጃማ ሰርጀሪ መጽሔት የወጣው ሳይሆን አይቀርም። መረጃው የተወሰደው በ2015 በአሜሪካ 27,715 ትራንስጀንደር ሰዎች ከሞሉት መጠይቅ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል ቢያንስ አንድ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 3,559 ሰዎች፣ ፈልገው ምንም ካላገኙ 16,401 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። ባለፈው ወር ከባድ የሥነ ልቦና ጭንቀት የመኖሩ ዕድል ባገኙት ዘንድ በ42 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ለእርስዎ ርእስ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው፣ መጠይቁ በአንድ ጊዜ የተሞላ በመሆኑ ቀድሞውንም ገንዘብ፣ የጤና መድን፣ ደጋፊ ቤተሰብና የተረጋጋ መንፈስ ያለው ሰው ቀዶ ሕክምናውን ቀድሞ የማግኘቱን ዕድል በስሌት ለማስተካከል ቢሞከርም ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም። ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎች የሚያልፉት ነው፤ «ፈልጎ ያላገኘ» ማለት «ወረፋ ላይ ያለ» ማለት አይደለም። ከ16,401ዱ መካከል ቀን የተቆረጠለት አለ፣ ስሙን አስመዝግቦ ምንም ያልሰማ አለ፣ ዋጋውን ሰምቶ በር ያላንኳኳም አለ። እነዚህን በአንድ ስም ጠርቶ አማካይ ማውጣት እርስዎ የሚፈልጉትን ልዩነት ራሱን ይደመስሰዋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር በአደራ ጭምር ልንገርዎት። በ2019 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት የወጣ ሌላ የስዊድን ጥናት፣ የፆታ አለመጣጣም እንዳላቸው በሕክምና መዝገብ የተመዘገቡ 2,679 ሰዎችን ተከትሎ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለፈ በእያንዳንዱ ዓመት የአእምሮ ሕክምና የመፈለግ ዕድል 8 በመቶ እንደሚቀንስ ዘገበ። ባለሙያዎች ጥያቄ አንሥተው መረጃው እንደገና ሲተነተንና ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸሩ ብልጫው ስላልታየ፣ መጽሔቱ በ2020 እርማት አወጣ። ጽሑፉን እስከ ዛሬ ያለ እርማቱ የሚጠቅሱ አሉ። እርስዎ ሁለቱንም አብረው ያቅርቡ፤ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ስለሆነ ለምንደግፈው ሐሳብ ስንል ማስረጃን ማሳመር አይገባንም።

«ትልቁ መሻሻል ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ ይታያል» የሚለው በ2014 ከቤልጂየም የወጣው ጥናት ነው። 57 ሰዎችን በሕክምናው ደረጃዎች ሁሉ እየለካ ሄዶ፣ የሥነ ልቦና ሥቃዩ ይበልጥ የቀነሰው የሆርሞን ሕክምና በተጀመረ ጊዜ መሆኑን አገኘ። ይህ ለእርስዎ ቁልፍ ነው። በአንድ የቀዶ ሕክምና ወረፋ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሆርሞን ከጀመረ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ሌላው ገና ያልጀመረ ከሆነ፣ የምናየው ልዩነት የቀዶ ሕክምናው ወረፋ ያመጣው ላይሆን ይችላል።

መጠበቅን ራሱን ለመለካት የቀረበው ጥናት የአውስትራሊያው ነው። በ2023 የታተመ ሲሆን፣ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ለመጀመር የሚፈልጉ 64 አዋቂዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ወዲያው እንዲጀምሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ በተለመደው ወረፋ ሦስት ወር እንዲጠብቁ አደረገ። በሦስቱ ወራት ውስጥ ሕክምናውን የጀመሩት ከፆታ አለመጣጣም የሚመጣው ሥቃይ፣ ድብርቱና ራስን የማጥፋት ሐሳቡ ከጠባቂዎቹ ይበልጥ ቀነሰላቸው። ዕጣው ሁለቱን ቡድኖች ስላመሳሰላቸው ልዩነቱን ለገንዘብ ወይም ለቤተሰብ መስጠት አይቻልም። ይሁን እንጂ ጥናቱ የሆርሞን እንጂ የቀዶ ሕክምና አይደለም፤ የጊዜውም ርዝመት ሦስት ወር ነው፤ በእንግሊዝ አገር ግን ሕጉ ከሪፈራል እስከ ሕክምና 18 ሳምንት ቢልም በዚህ ዘርፍ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ብቻ ዓመታት የሚጠብቁ ብዙዎች ናቸው።

ትራንስ ሴቶችንና ትራንስ ወንዶችን ስታነጻጽሩ የሚጠብቁት ነገር አንድ አለመሆኑን አትርሱ። ብዙ ትራንስ ወንዶች በመጀመሪያ የሚጠብቁት የደረት ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ፣ የሚሠሩትም ሐኪሞች በአንጻራዊነት የሚበዙ ነው። እስከዚያው ደረትን አጥብቆ ማሰር በየቀኑ የጀርባና የደረት ሕመም የሚያስከትልባቸው አሉ። የብልት ቀዶ ሕክምና ደግሞ በጥቂት ማዕከላት ብቻ የሚሰጥ፣ አንዳንዱም በበርካታ ደረጃዎች የሚከናወን ነው። ስለዚህ የፆታ ልዩነት የመሰለን የወረፋ ዓይነት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ቃላቱን በተመለከተ፣ «የፆታ አለመጣጣም» ለሁኔታው፣ «ከፆታ አለመጣጣም የሚመጣ ሥቃይ» ደግሞ ለሕመም ስሜቱ ቢጠቀሙ ሁለቱ አይምታቱም። የአሜሪካው የሥነ አእምሮ መመሪያ በ2013 አምስተኛ እትሙ «የፆታ ማንነት መታወክ» የሚለውን ስያሜ የተወው ይህን ልዩነት ለማስጠበቅ ነው፤ ሕክምና የሚሻው ሥቃዩ እንጂ ማንነቱ አይደለም።

መልስ፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ጅማ ዞን

ከመምህሩ ብዙ ተምሬአለሁ። እኔ ትራንስጀንደር ሰዎችን የማስታመም ልምድ የለኝም፤ ወረፋን ግን ዐሥራ አራት ዓመት በቅርብ አይቻለሁና ከዚያው ልናገር።

ቀድሞ በሠራሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ እንቅርት ለማስወጣት ከሊሙ፣ ከጌራና ከዳውሮ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሳምንት ይመዘገቡና አንዷ የተቆረጠ ቀን ይዛ ስትመለስ፣ ሌላዋ «እንደውልልሻለን» ተብላ ትሸኛለች። ቀን የተቆረጠላት ቡናዋን ለቅማ፣ ልጆቿን ለእናቷ አደራ ሰጥታ፣ አስታማሚዋን ይዛ በቀኑ ትመጣለች። እንደውልልሻለን የተባለችው ግን ስልኳን ከእጇ ሳትለይ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየወጣች ትከርማለች፤ ስትመጣም ከስታና እንቅልፍ አጥታ ነው። የሁለቱ እንቅርት በመጠንም በዓይነትም ያው ነበር። የወራቱ ብዛትም አንዳንድ ጊዜ እኩል ነበር። የለያያቸው ቀኑን ማወቅና አለማወቅ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ከሌሊት ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምስ አድሮ፣ ልብሱን ለውጦ፣ በአልጋ ተጋድሞ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ከደረሰ በኋላ «ደም አልተዘጋጀም» ወይም «መብራት ጠፍቷል» ተብሎ የተመለሰ ታካሚ በመጀመሪያው ቀን ይቆጣል፣ በሁለተኛው ይለምናል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ግን መጠየቅ ያቆማል። እኛም ዝም ያለውን ታካሚ ተረጋጋ ብለን ወደሚጮኸው እንሄድ ነበር። ዛሬ በዚህ እጸጸታለሁ፤ የሚያሳስበው ዝም ያለው ነበረና። ስለዚህ በጥናቶቹ ውስጥ ቀጠሯቸው የተሰረዘባቸው ሰዎች ለብቻቸው ተለክተው እንደሆነ ቢፈልጉ መልካም ይመስለኛል፤ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በብዙ አገሮች አስቸኳይ ያልተባሉ ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ሲቆሙ ይኸኛውም አብሮ ቆሞ ነበር።

አንድ ልዩነት ግን አለ። እንቅርት ያለባትን ሴት ጎረቤት ይጠይቃታል፣ ቡና ይዞላት ይመጣል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላታል። ሕመምሽ እውነት አይደለም የሚላት የለም። እርስዎ የሚያጠኗቸው ሰዎች የሚጠብቁት ብዙዎች በማያምኑበት ነገር ላይ ነው፤ ስለዚህ ወረፋውን የሚጠብቁት ተደብቀው ነው።

መልስ፦ አንድ አንባቢ

ጥያቄውን የማነሣው በቅን ልቦና ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና በአገራችን አይሰጥም፤ በሃይማኖትም በባህልም የብዙው ሰው አቋም የታወቀ ነው። ድብርት ይዞት መድኃኒት ያጣ ስንት ሰው በየቀበሌው እያለ አንድ የጅማ ተማሪ ጊዜውን በዚህ ላይ ማዋሉ ለሕዝባችን ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ የሥነ አእምሮ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ጅማ ተምሬ ያደግሁ ስለሆንሁ የአንባቢው ጥያቄ በከተማችን የብዙ ሰው ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ፤ በአክብሮት እመልሳለሁ። ወደ አእምሮ ጤና ክፍል ድብርት ይዞት የሚመጣ ሰው ማንነቱን በካርዱ ላይ ጽፎ አይመጣም። በዘጠኝ ጥያቄው የድብርት መጠይቅ ከ27ቱ ነጥቦች 20 ያገኘ፣ ማለትም ድብርቱ የከበደበት ሰው ፊቴ ሲቀመጥ የሥቃዩን ምንጭ ካላወቅሁ የምሰጠው መድኃኒት ግማሽ ሕክምና ነው። የማናውቀውን ነገር በንቀት ወይም በግሣጼ ስንመልሰው ደግሞ ሰውየው ዳግመኛ ወደ ጤና ተቋም ላይመለስ ይችላል። ሃይማኖታዊ አቋምን የሚነካ ነገር በዚህ ውስጥ የለም፤ የታመመን ሰው መስማት በሁለቱም እምነቶቻችን ዘንድ ግዴታ ነው።

ለጠያቂው የምጨምረው ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሴሚናርዎ የታተሙ ጥናቶችን በመመርመር ይወሰን፤ በከተማው ውስጥ ሰዎችን ለመፈለግም ሆነ ለመጠየቅ አይሞክሩ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት እንጂ ስለ ፆታ ማንነት ባይሆንም፣ ኅብረተሰቡ ሁለቱን ለይቶ አያይም፤ ስሙ የወጣ ሰው ሊደርስበት የሚችለውን ጉዳት እርስዎ ሊክሱት አይችሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእነዚህ ጥናቶች ላይ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ መልሱ የሚሰጠው ለማን ነው የሚለው ነው። የዓለም የትራንስጀንደር ጤና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ሰባተኛ መመሪያው ለብልት ቀዶ ሕክምና ከሁለት ባለሙያዎች የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ስምንተኛ መመሪያ አንድ ደብዳቤ በቂ ሆኗል። ደብዳቤው አንድም ይሁን ሁለት፣ ታካሚው ሕመሙን የሚነግረው ሰውና በሩን የሚከፍትለት ሰው አንድ ሲሆኑ፣ ታካሚው ድብርቱን ቢናገር ቀዶ ሕክምናው እንዳይዘገይበት ይፈራል። ስለዚህ ከወረፋው በፊት በተሞላ መጠይቅ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ስናይ ጤና ነው ወይስ ፍርሃት የሚለውን መለየት አንችልም። ተቃራኒውም ሊኖር ይችላል፤ ሥቃዩን አጉልቶ ካልተናገረ የማይታመን የሚመስለው ሰው አለ። ነጥቡ የተሰበሰበው ከክሊኒኩ ውጭ በማይታወቅ ስም ነው ወይስ ደብዳቤ በሚጽፈው ባለሙያ ክፍል ውስጥ ነው የሚለውን በሠንጠረዥዎ ውስጥ አንድ ዓምድ ይስጡት።

ስለ ራስን ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይህን ክፍል ውስጥ ደግመው ደጋግመው ይናገሩት፣ ጓደኞችዎ ነገ ሐኪም ሆነው የሚያፍሩበት ጥያቄ እንዳይሆን።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ደግሞ፣ አጥኚው ኢላን ሜየር እ.ኤ.አ. በ2003 ያስፋፋው የአናሳዎች ጫና ማብራሪያ ይረዳዎታል። ማግለል፣ ጥቃት፣ ተደብቆ መኖርና ነገ ምን ይደርስብኝ ይሆን የሚለው የዘወትር ሥጋት ተደራርበው ሰውን ያሳምማሉ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌሎች አጥኚዎች ለትራንስጀንደር ሰዎች አስማምተውታል። ማንነቱ ሕመም ሳይሆን ድብርት ለምን ይበዛል ላሉት መልሱ በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው። ወረፋው በዚህ ጫና ላይ የሚጨመር ሸክም ነው፤ ጫናው የቀለለለት ሰው ያንኑ ወረፋ በሌላ ጉልበት ይሸከመዋል።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህርት፣ ጅማ

ጠያቂው ወንድ ይሁኑ ሴት ስለማላውቅ «እርስዎ» እያልሁ እጽፋለሁ። አማርኛችን አንቱ ካላሉት በቀር ፊት ለፊት የሚያናግሩትን ሰው ወንድ ወይም ሴት ብለው ሳይወስኑ አንድ ግስ እንኳ እንዲናገሩ የማይፈቅድ ቋንቋ መሆኑን በአርባ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ አስተምሬዋለሁ፤ ክብደቱን ያወቅሁት ግን በቤቴ ነው።

የእኅቴ ልጅ በአውሮፓ አንድ አገር ትኖራለች። እዚሁ ጅማ፣ ሕርማታ ሰፈር ተወልዳ በወንድ ልጅ ስም አደገች፤ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ስለ ራሷ ከነገረችን ስድስት ዓመት ሆነ። አራቱን ዓመት የመጀመሪያውን ቀጠሮ ስትጠብቅ ቆየች፤ ሁለቱን ዓመት ደግሞ ኦፕራሲዮኑን። ቀኑን ሳያውቁ መጠበቅ ምን እንደሆነ ነርሱ ወንድሜ በደንብ ገልጸውታል፤ እኔ የምጨምረው ወረፋው ከሕክምናው ውጭ ያለውን ሕይወቷን እንዴት እንዳሰረው ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለሳምንታት መተኛት ስለሚኖርባት የተሻለ ሥራ ስታገኝ «በመጀመሪያው ወር ፈቃድ ብጠይቅ ያባርሩኛል» ብላ ተወችው። ቤት ለመቀየር ፈርታ ተወችው፤ አድራሻዋ ከተለወጠ ወረፋዋ የሚጠፋ ይመስላት ነበር። እናቴ ባረፈች ጊዜ፣ ያሳደገቻት አያቷ ናት፣ ለሣልስቱም ለአርባውም አልመጣችም። ከአገር በወጣችበት ሳምንት ቢደውሉላትና ባትገኝ ተራዋ ለሌላ ይሰጣል ብላ ፈራች። ያን ዓመት ሙሉ አልተደወለላትም። አያቷን ሳትቀብር መቅረቷን ዛሬም በስልክ ስታነሣ ድምጿ ይቀየራል። ይህን በየትኛው መጠይቅ ላይ እንደሚሞሉት አላውቅም።

እኅቴ በየእሑዱ ትደውልላት ነበር። «እንዴት ነህ» ስትላት ልጂቱ ዝም ትላለች፤ «እንዴት ነሽ» የሚለው ደግሞ ከእኅቴ አፍ አልወጣ አለ። ክፋት አልነበረም፤ ሃያ አራት ዓመት የጠራችበትን አፍ በአንድ ቀን ማዞር አቃታት። «እንዴት ነዎት» እንዳትል፣ እናት ለወለደችው ልጅ አንቱ ስትል መቀየም ይመስላል። አንድ እሑድ ግን ስልኩ ሲነሣ «አካም ጅርታ?» አለቻት። እኛ ጅማ ያደግን ሰዎች ሁለቱንም ቋንቋ ከልጅነት ስለምንናገር ልጂቱም በኦሮምኛ መለሰች። በኦሮምኛ ፊት ለፊት ሲያናግሩ ግሱ ወንድና ሴት አይለይም። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በእሑድ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ብቻ ነው፤ እኅቴ ለምን እንዳደረገችው አልተናገረችም፣ ልጂቱም አልጠየቀች።

ለእኔ ግን ልጂቱ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ከዓርብ ጀምሮ እሑድን እየፈራች እንቅልፍ ታጣ እንደነበርና፣ ከዚያ በኋላ እሑድ እንደማያስፈራት አለችኝ። ቀጠሮዋ በአንድ ቀን እንኳ አልቀረበም ነበር።

ጠያቂ፦ የአእምሮ ጤና የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ጅማ

መልሳችሁን ሁለት ሌሊት ደጋግሜ አነበብሁት። ቀድሞ ያዘጋጀሁት ሠንጠረዥ ትራንስ ሴቶችን በአንድ ወገን፣ ትራንስ ወንዶችን በሌላ ወገን አድርጎ የድብርትና የጭንቀት አማካዮችን የሚያስቀምጥ ነበር፤ ቀድጄዋለሁ። አሁን እያንዳንዱን ጥናት የምጠይቀው ከማን ጋር እንዳነጻጸረ፣ ሰዎቹ ሆርሞን ጀምረው እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ የትኛውን ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቁ፣ ቀን ተቆርጦላቸው ወይም ተሰርዞባቸው እንደሆነ፣ የቤተሰብ ድጋፋቸው ተለክቶ እንደሆነና መልሱን ለማን እንደሰጡ ነው። ካነበብኋቸው መካከል እነዚህን ሁሉ የሚመልስ አንድም አላገኘሁም፤ ብዙዎቹ ቀኑ የታወቀ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ጨርሶ አያነሡትም። ይህን ራሱን እንደ ዋና ግኝት አቀርበዋለሁ። መምህር፣ ስለ እርማቱ የነገሩኝንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጣለሁ።

እትዬ፣ የጻፉልኝን በሴሚናሩ ላይ አልጠቅስም፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሰው ይተዋወቃል። ነገር ግን የሥነ አእምሮ ባለሙያው ስለ መጠይቁ ያነሡት ነገር ከእኅትዎ ልጅ ጋር ይገጥም እንደሆነ፣ ፈቃዷ ከሆነ ብቻ፣ ብትጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህርት፣ ጅማ

ትናንት ጠየቅኋት። ጽሑፉን በሙሉ አነበብሁላት፤ የነርሱን ክፍል ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ስለ መጠይቁ የነገረችኝ ይህ ነው። ደብዳቤ ከሚጽፉላት ባለሙያ ጋር በተቀመጠች ቀን ዘጠኙን ጥያቄዎች ሞላች። ዘጠነኛው ስለ ሞት ሐሳብ የሚጠይቀው ነው። «በጭራሽ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እውነቱ ያ አልነበረም፤ ግን እውነቱን ብትሞላ ኦፕራሲዮኑ ለሌላ ዓመት ይተላለፍብኛል ብላ ፈራች። ማታውኑ ለአንዲት ጓደኛዋ ነገረቻት፣ ጓደኛዋም አብራት አደረች፣ በማግሥቱም ደብዳቤውን ከማይጽፉ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። እኒያ ሐኪም አሁንም ይከታተሏታል፤ ለእርሳቸው መዋሸትን አንድም ቀን አስባ አታውቅም።

ስሟንና አገሯን ሳይጠቅሱ ይህን አንዱን ይጻፉት ብላለች። ቀን ተቆርጦላታል፤ ጥቅምት ውስጥ ነው። እኅቴ ለማስታመም ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ ቪዛ እየጠበቀች ነው።